የመኖሪያ ፈቃድ ሲያበቃ፦ ቪዛና የአርሲ ቤተሰብ

ቪዛ አንድ አገር የውጭ ዜጋ ወደ ግዛቱ እንዲገባ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። የገባው ሰው በዚያ አገር ተቀምጦ የሚሠራው ግን በሌላ ሰነድ፣ በመኖሪያ ፈቃድ ነው። በሁለቱም ላይ የሚያበቁበት ቀን ተጽፏል። ቀኑ ሳይታደስ ካለፈ ሰውየው ትናንት የሠራበት፣ ቤት የተከራየበትና ልጅ ያሳደገበት አገር ዛሬ በሕግ ሊኖርበት የማይችል ይሆናል፤ ቅጣት፣ እስርና ወደ አገር መባረር ይከተላሉ። ትዳርና ልጅ ካለው ደግሞ ጉዳቱ በእሱ ብቻ አይቆምም። መለያየቱም በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ሰው ተባርሮ ቤተሰቡ ባለበት ሲቀር ነው። ሁለተኛው ፈቃዱ ያለፈበት ሰው “ከወጣሁ መመለሻ የለኝም” ብሎ ለዓመታት አገሩ ሳይገባ፣ ወላጁን ሳይቀብርና ልጁን ሳያይ ሲቀመጥ ነው። አሰላና ዙሪያዋ ሁለቱንም ያውቋቸዋል።

የአርሲ ዞን ዋና ከተማ አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከጭላሎ ተራራ ሥር ትገኛለች። አካባቢው በስንዴና በገብስ፣ በብቅል ፋብሪካውና በሯጮቹ ስሙ ይነሣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ አካባቢ ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ከአርሲ በሩጫ ወደ ውጭ ከወጣው ይልቅ ለቤት ሠራተኝነት፣ ለእረኝነትና ለቀን ሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደው እጅግ ይበዛል። ዞኑ ከጅማና ከወሎ ጋር በስደት ስማቸው አዘውትሮ ከሚጠራ አካባቢዎች አንዱ ነው።

ምክንያቱ በአብዛኛው ከመሬት ይጀምራል። የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው ቤተሰብ የማያኖር ቁራጭ ይሆናል። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ ጀምሮ በአርሲ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ተስፋፍቷል፤ ትራክተርና ኮምባይነርም ገብቷል። ምርቱ አድጓል፤ በአጨዳና በውቂያ ይቀጠር የነበረው ጉልበት ግን ተፈላጊነቱ ቀንሷል። ትምህርት ጨርሶ ሥራ ያጣው ወጣት ይህን ሲያይ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ሳዑዲ ካለች እህቱ በመጣ ገንዘብ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ባጃጅ ሲገዛ ሲያይ ውሳኔው ሩቅ አይሆንም። መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ በሕጋዊ ኤጀንሲ በሥራ ውል መሄድ ነው። ሁለተኛው ለኡምራ፣ ማለትም ለመካ ጉብኝት፣ ሄዶ በዚያው መቅረት ነው። ሦስተኛው በደላላ እጅ በጅቡቲ ወይም በሶማሊያ ጠረፍ ቀይ ባሕርን ወይም የኤደን ባሕረ ሰላጤን ተሻግሮ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ መግባት ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ ይዞ ይገባል፤ ሁለተኛው ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቪዛ ይኖረዋል፤ ሦስተኛው ከመነሻው ምንም ወረቀት የለውም።

ሕጋዊ ሆኖ የገባው ሠራተኛ እንዴት ሕገ ወጥ ይሆናል የሚለውን ለመረዳት ከፋላ የሚባለውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የዓረብ አገሮች፣ በዮርዳኖስና በሊባኖስ የውጭ ሠራተኛ የሚገባው በአንድ አሠሪ ዋስትና ነው። ይህ አሠሪ በዓረብኛ ከፊል ይባላል። የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ማለትም ኢቃማውን፣ የሚያወጣውና የሚያሳድሰው እሱ ነው። ሠራተኛዋ ሌላ ቤት ለመግባት፣ በሳዑዲ ደግሞ ለእረፍት ወደ አገሯ ደርሳ ለመመለስ፣ የእሱ ፈቃድ ሲያስፈልጋት ኖሯል። ቀኑ ሲያልፍ የምትታሰረው ሠራተኛዋ ናት፤ ቀኑ እንዳያልፍ ማድረግ የሚችለው ግን አሠሪው ነው። የቤተሰቡ አብሮ መኖርና አለመኖር በሦስተኛ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ የሚንጠለጠለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የችግሩም ሥር ይኸው ነው።

ኢቃማው በኪስ የሚያዝ ትንሽ ካርድ ነው። ፎቶግራፍ፣ በዓረብኛ የተጻፈ ስም፣ ቁጥርና የአሠሪው ስም አለው። የሚያበቃበት ቀን ለረጅም ዘመን ሲቆጠር የቆየው በእስልምናው የሂጅራ አቆጣጠር ነው። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል። የሥራ ውሉ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2 ዓመት ይሆናል፤ አሰላ ያለው ቤተሰብ የልጁን መመለሻ የሚቆጥረው በኢትዮጵያ ዘመን ነው። እናት ሁለቱ ዓመት በሚሞላበት ወር ልጇን ስትጠብቅ ካርዱ ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቀድሞ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ላይ የፓስፖርት ቀን አለ። ለረጅም ዘመን የተሰጠው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነበር። ሁለት ውል ጨርሳ ሦስተኛውን የጀመረች ሴት ሥራ ላይ ሳለች ፓስፖርቷ ያልቃል። ለማሳደስ ሪያድ ወደሚገኘው ኤምባሲ ወይም ጅዳ ወደሚገኘው ቆንስላ መሄድ አለባት፤ ከቤት መውጣት ለማይፈቀድላት ደግሞ ይህ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ያለ ፓስፖርት ኢቃማ አይታደስም።

ፈቃዱ የሚያልፍባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። አሠሪው የማሳደሻውን ክፍያ ሳይከፍል ይቀራል፤ ወይም ይሞታል፤ ወይም ሠራተኛዋን ለሌላ ቤት ያለ ወረቀት ያስተላልፋታል። ደመወዝ ሲከለከል ወይም ድብደባ ሲበዛ ሠራተኛዋ ትጠፋለች፤ አሠሪውም “ሁሩብ”፣ ማለትም ጠፍታለች፣ ብሎ ያስመዘግባታል። ሁሩብ የተባለ ሰው ካርዱ ላይ ገና ወራት ቢቀሩትም በሕግ ፊት ፈቃድ የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ በየዘመድ ቤት ተደብቆ የቀን ሥራ እየሠሩ መኖር ነው። የተያዘ ሰው “ተርሂል” ወደሚባለው የማባረሪያ ጣቢያ ይወሰዳል፤ አሻራ ይሰጣል፤ በአሻራው ምክንያትም በሕጋዊ መንገድ እንደገና እንዳይገባ ይታገዳል። ባልና ሚስት ሁለቱም እዚያው ኖረው አንዳቸው ቢያዙ የትዳሩ ዕጣ የሚወሰነው በዚህ አሻራ ነው።

በአርሲ በብዛት የሚታየው መለያየት የእናትና የልጅ ነው። ልጅቱ ወይም ወጣቷ ሚስት ሕፃኑን ለእናቷ ትታ ለ2 ዓመት ትሄዳለች። የመጀመሪያው ውል እዳ በመክፈል ያልፋል፤ ሁለተኛው ቤት በመሥራት። በሦስተኛው ኢቃማው ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ማለት ገቢውን ማጣት ማለት ይሆናል። ሕፃኑ አያቱን “እማ” እያለ ያድጋል፤ ወላጅ እናቱን የሚያውቃት ኢሞ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። ማታ ስልኩ ሲጮኽ አያት “ኢቃማው ታደሰልሽ ወይ ልጄ?” ትላለች፤ ከወዲያ ማዶ ያለችው እናት ደግሞ “አብሽሪ እናቴ፣ ኢንሻአላህ በዚህ ወር” ትላለች። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ የልደት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ሲታመም የሕክምና ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ርስት ሲነሣም ሞግዚት። እናት ከመሄዷ በፊት ውክልና ካልሰጠች አያት ለሕፃኑ በሁሉም ነገር እናት ሆና በወረቀት ላይ ማንም አይደለችም።

ሁለተኛው ዓይነት መለያየት የሚደርሰው በጅዳ፣ በመካና በሪያድ ለረጅም ዘመን ቤተሰብ መሥርተው በኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ነው። በእነዚህ ቤቶች የአባት ኢቃማ ለሚስትና ለልጆች መጠለያ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በግል ድርጅት የሚሠሩ የውጭ ዜጎች በሥራቸው ላስመዘገቡት እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል እንዲከፍሉ ደነገገች፤ ክፍያው በየዓመቱ 100 እየጨመረ በ2020 በወር 400 ሪያል ደረሰ። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሰው በዚህ ስሌት በዓመት 14,400 ሪያል ይከፍላል፤ ካልከፈለ የእነሱ ብቻ ሳይሆን የራሱም ኢቃማ አይታደስም። በአነስተኛ ደመወዝ የሚኖር አባት ያለው ምርጫ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ አገር ልኮ ብቻውን መቅረት ነው። ዓረብኛ አፉን የፈታ፣ አማርኛም ኦሮምኛም በቅጡ የማይናገር የ12 ዓመት ልጅ አሰላ ወይም በዚያው ዞን ያለችው ኢተያ ገብቶ ትምህርትን በአዲስ ቋንቋ ይጀምራል። የተለየው ከአባቱ ብቻ ሳይሆን ከለመደው ቋንቋም ስለሆነ የሚያገኘው እርዳታም ይህንን ያገናዘበ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ያልተመዘገበ ልጅ ጉዳይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ሕጋዊ የጋብቻ ሰነድ የተወለደን ልጅ ማስመዝገብ እጅግ ከባድ ነው፤ እናቲቱ ራሷ ልትከሰስ ትችላለች። ስለዚህ ብዙዎች በቤት ይወልዳሉ፤ ልጁም ሆስፒታል፣ ክትባትና ትምህርት ቤት ሳያውቅ ያድጋል። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2014 ልጅ የወለዱ የውጭ የቤት ሠራተኞች የመኖሪያ ፈቃዳቸውንና የልጆቻቸውን ፈቃድ ሊያሳድሱ ሄደው እንደተከለከሉና አንዳንዶቹም እንደተባረሩ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ይፋ አድርገዋል። በዚያው አገር በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው በቤይሩት ዳርቻ ሃዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ብዙዎቹ ደመወዝ አልተከፈላቸውም፤ ፓስፖርታቸውም በአሠሪዎቻቸው እጅ ቀርቶ ነበር።

የፈቃድ ማብቃት የአንድ ቤት ጉዳይ ከመሆን አልፎ የአገር ጉዳይ የሆነባቸው ጊዜያት አሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ በፈቃዳቸው ለሚወጡ ሰጥታው የነበረው የምሕረት ጊዜ ካለቀ በኋላ ከጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማሰስ ጀመረች። በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያው በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 29 ቀን 2017 ጀምሮ ሳዑዲ ሁለተኛ የ90 ቀን ምሕረት አወጀች። በዚያን ጊዜ በፈቃዱ የወጣ ሰው ቅጣት አይከፍልም ነበር፤ ተመልሶ እንዳይገባም አይታገድም ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ማባረሩ ቀጠለ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንደመዘገበው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2017 እስከ መጋቢት 2019 ድረስ 260,000 ያህል ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ምሕረቱን ብዙዎች ያልተጠቀሙበት በስንፍና አይደለም። ያልተከፈለ የወራት ደመወዝ የሚጠብቁ፣ ለደላላ የተበደሩት ያላለቀላቸው፣ ባለቤታቸው በሌላ ከተማ የታሰረባቸው ነበሩ። ለልጃቸው የጉዞ ሰነድ ያጡም ነበሩ። የምሕረት ቀን ሲወሰን የቤተሰብ ወረቀት ለማሟላት የሚፈጀው ጊዜ አብሮ ካልታሰበ ምሕረቱ የሚጠቅመው ብቻውን ያለውን ሰው ነው።

በአሜሪካ ያለው መልክ ይለያል። እዚያ ፈቃዱ በአብዛኛው በአሠሪ እጅ አይደለም፤ በሕግና በቀጠሮ ወረፋ እንጂ። ከኢትዮጵያ ብዙዎች ሲሞክሩት የኖረው ዲቪ ሎተሪ የደረሰው ሰው ቪዛውን ማግኘት ያለበት የአሜሪካ የበጀት ዓመት እስከሚዘጋበት መስከረም 30፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ድረስ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዕድሉ የለም። ባለቤቱና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆቹ አብረውት መሄድ ይችላሉ፤ ቅጹን ሲሞላ የነበረውን ሚስት ወይም ልጅ ሳይጠቅስ የቀረ ግን የሁሉም ጉዳይ ውድቅ ይሆንበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ኤምባሲዎች ተዘግተው በፕሬዚዳንታዊ አዋጅም የስደተኛ ቪዛ ሲታገድ ሎተሪ የደረሳቸው ብዙ ሰዎች ቀኑ አልፎባቸዋል፤ ከእነዚህም ቤት የሸጡና ሥራ የለቀቁ አሉ። ቀድሞ አሜሪካ የገባ ሰው ቤተሰቡን ለማምጣት ሲያመለክት ደግሞ ወረፋው ዓመታት ይወስዳል፤ በዚህ መካከል 21 የሚሞላው ልጅ ከወላጆቹ መዝገብ ሊወጣ ይችላል። ይህን ለማቃለል የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 የልጆችን ዕድሜ አቆጣጠር የሚጠብቅ ሕግ ቢያወጣም ሁሉንም አያድንም።

ጊዜያዊ ከለላ፣ ቲፒኤስ የሚባለው፣ ሌላው መልክ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነትና በሰብአዊ ቀውስ ምክንያት አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን ይህን ከለላ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 12 ቀን 2022 ጀምሮ ለ18 ወር ሰጠች፤ ኋላም እስከ ታኅሣሥ 12 ቀን 2025 አራዘመችው። ከለላውን ያገኘ ሰው ከለላው እስካለ ድረስ ይሠራል፤ አይባረርም። ነገር ግን የትዳር ጓደኛውን ከኢትዮጵያ ለማምጣት መብት አይሰጠውም፤ የማራዘሙም ሥልጣን የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ነው። በዚያ የተወለደው ልጅ አሜሪካዊ ዜጋ ነው፤ ወላጆቹ ግን የሚቆዩት ቀኑ እስካለ ድረስ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ወላጆች ልጁን ይዘው ከመመለስና ለዘመድ ትተው ከመሄድ መካከል እንዲመርጡ ይገደዳሉ።

ሕጉ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት መሆኑንና ከኅብረተሰቡም ከመንግሥትም ጥበቃ እንደሚገባው ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት አለው። በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ መመለስ ይችላል። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነለት ልጅ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ በሪያድ በድብቅ የተወለደው የአርሲ ልጅ አባቱ ባይታወቅ እንኳ በእናቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የጎደለው ዜግነቱ ሳይሆን ማስረጃው ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በውጭ አገር ያሉ ሚሲዮኖችም ይመዘግባሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ሳዑዲ በ1996 የተቀበሉት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ ከወላጁ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይለይ፣ ለመገናኘት የሚቀርብ ማመልከቻም በቀና መንፈስና በፍጥነት እንዲታይ ይጠይቃል። ስለ ስደተኛ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው መብት የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት ስምምነት ደግሞ የቤተሰብን አንድነት በግልጽ ይጠብቃል፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን አልፈረሙትም።

ስለ ወጪውም ሕግ አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ኢቃማ ለማሳደስ ከሠራተኛዋ ደመወዝ መቁረጥ ከዚህ ሕግ ጋር ይቃረናል። በመዳረሻ አገሮችም ለውጥ ታይቷል። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤት ሠራተኞች ጭምር የመውጫ ፈቃድንና ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ አለመቀየርን አስቀርታለች። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የጀመረችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም፤ ያ ለውጥ ከአርሲ ለሚሄዱት ሴቶች አልደረሰም ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተሉት ተግባራት ከቤተሰብ ይጀምራሉ። የምትሄድ ሴት ከመነሣቷ በፊት ጋብቻዋንና ልጇን በቀበሌ ማስመዝገብ፣ ልጁን ለሚይዝ ዘመድ በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ውክልና መስጠት ይገባታል። የፓስፖርቷንና የውሏን፣ ስትደርስም የኢቃማዋን ሁለት ገጽ ፎቶግራፍ አሰላ ላለ ሰው መላክ አለባት። ተቀባዩ የእያንዳንዱን ሰነድ ማብቂያ ቀን ወደ ኢትዮጵያ ዘመን ለውጦ ይጽፋል። ከኢቃማው ማብቂያ 3 ወር ቀደም ብሎ የማሳደስ ጥያቄ ለአሠሪውና ለላኪው ኤጀንሲ መቅረብ አለበት፤ መልስ ካልተገኘ ለቆንስላው ማመልከት የሚገባው ፈቃዱ ሳያልፍ ነው። ፓስፖርት ደግሞ አንድ ዓመት ሲቀረው መታደስ ይጀምር።

በዞንና በወረዳ ደረጃ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች ለተጓዦች የሚሰጡት ትምህርት ስለ ምግብ አሠራርና ስለ ቤት ዕቃ አጠቃቀም ብቻ መሆን የለበትም፤ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ሁሩብና ስለ ልጅ ምዝገባ መሆን አለበት። ትምህርት ቤቶች ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆችን በዕድሜያቸው ሳይሆን በቋንቋ ችሎታቸው መድበው የማጠናከሪያ ትምህርት ቢሰጧቸው ክፍል ከመድገምና ከማቋረጥ ይድናሉ። ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ጋብቻ ያልተመዘገበላት እናት ልጇን ለማስመዝገብ ስትመጣ የአባት ማስረጃ እስክታመጣ ሳይመልሷት በዜግነት ሕጉ መሠረት በእናትነቷ ሊያስተናግዷት ይገባል። ሊሴ ፓሴ የተባለው ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ሲሰጥም እናትና ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ በረራ እንዲወጡ መመዝገብ አለባቸው። መንግሥት ከመዳረሻ አገሮች ጋር በሚዋዋለው ስምምነት ላይ ሦስት ነገሮች በስማቸው ሊጻፉ ይገባል፦ አሠሪው ባላሳደሰው ፈቃድ ሠራተኛዋ እንዳትቀጣ፣ አሠሪው ሲጠፋ ወይም ሲሞት ሌላ አሠሪ የምትፈልግበት ጊዜ እንዲሰጣት፣ ባልና ሚስት ወይም ወላጅና ልጅ በማባረር ሂደት እንዳይነጣጠሉ። እነዚህ ሦስቱ ከተጻፉና ከተፈጸሙ የአንድ ካርድ ቀን ማለፍ በሕግ የሚስተካከል የአስተዳደር ጉዳይ ይሆናል፤ ቤተሰብ የሚፈርስበት ምክንያት መሆኑም ያበቃል።